«አስተዳደር» ወይስ «መተዳደር»? የኢንተርኔት ምርምር ስለሚሻው ቃል

ጥያቄ፦ የቴክኖሎጂ ማኅበራዊ ጥናት ስለ ኢንተርኔት ለሚደረገው ምርምር ምን እንዳበረከተ የሚገልጽ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ ነው። ለእንግሊዝኛው «Internet governance» የተለመደው «የኢንተርኔት አስተዳደር» የሚለው አጠራር አላረካኝም፤ አስተዳደር ሲባል ቢሮና ማኅተም፣ አለቃና ምንዝር ይታየኛልና። «አገዛዝ» ደግሞ ይብስ ይከብዳል። የተሻለ ቃል ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ቃሉን ከመጣልዎ በፊት ሥሩን ይመልከቱ። «አወቀ» «ተዋወቀ»ንና «አስተዋወቀ»ን እንደሚወልድ ሁሉ፣ «አደረ»ም «ተዳደረ»ንና «አስተዳደረ»ን ወልዷል። «አስተዳደረ» በሌላው ላይ የሚሠራ ባለቤት ይፈልጋል፤ «ተዳደረ» ግን በአንድ ነገር መኖርን ያመለክታል። ገበሬ በእርሻው ይተዳደራል፣ እድርተኛም በእድሩ ደንብ ይተዳደራል፤ «መተዳደሪያ» የሚለው ቃል እንጀራንም ደንብንም በአንድነት መያዙ እኔን ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

የሚተረጉሙት ጥናት የሚፈልገውም ይህንኑ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ2005 በቱኒስ ለተካሄደው የዓለም የመረጃ ማኅበረሰብ ጉባኤ የተዘጋጀው የኢንተርኔት አስተዳደር ብያኔ መንግሥታት፣ የግሉ ዘርፍና ሲቪል ማኅበረሰቡ በየድርሻቸው የሚያወጧቸውንና የሚሠሩባቸውን የጋራ መርሖች፣ ደንቦችና የአወሳሰን ሥርዓቶች ይዘረዝራል፤ አስተዳዳሪዎቹን ያሳየናል ማለት ነው። የቴክኖሎጂ ማኅበራዊ ጥናት ግን ከስብሰባው አዳራሽ ወጥቶ ወደ ፕሮቶኮሉ (ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ወደሚግባቡበት ደንብ)፣ ወደ ሽቦውና ወደ መሐንዲሱ የዕለት ሥራ ይወርድና፣ ውሳኔው በየትኛው ዕቃ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ይጠይቃል።

ለእኛ ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ልጥቀስ። የድረ ገጽ አድራሻ በግእዝ ፊደል ሲጻፍ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ስም ናቸው ወይስ ሁለት? ለአማርኛ አንባቢ አንድ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝን ፊደል ለተቀበለው ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ ቁጥር ለሚሰጠው ስምምነት) ግን «ጸ» እና «ፀ» የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። ሁለት ተብለው ከተቆጠሩ አታላይ ሰው ሁለተኛውን አጻጻፍ አስመዝግቦ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። ሞክሼ ፊደላት ሁሉ አንድ ይሁኑ ብንል ደግሞ «ሀ» እና «ሐ»ን በድምፅ የሚለየው የትግርኛ ተናጋሪ ይጎዳል። እንዲህ ካለው ክርክር አንዱን ወገን መርጦ በሥርዓቱ ውስጥ የሚያስገባው ደንብ፣ አንዴ ከገባ በኋላ ማንም ሹም ሳያዘው ይሠራል፤ ተጠቃሚውም ሳያውቀው ይተዳደርበታል።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2022 አዲስ አበባ ላይ የተካሄደውን የኢንተርኔት አስተዳደር ፎረም ዓይነት ጉባኤና የተቋማቱን ሥራ ሲጠቅሱ «የኢንተርኔት አስተዳደር» የሚለውን ይተዉት፤ አንባቢ ለምዶታል። ጽሑፉ ስለ ዕቃውና ስለ ልማዱ ሲናገር ግን «መተዳደር» እና «መተዳደሪያ» ይሻላሉ።

ጠያቂው፦ «በኢንተርኔት እንተዳደራለን» ብል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም፤ አንባቢው ኑሯችሁን ከኢንተርኔት በሚገኝ ገቢ የምትመሩ አድርጎ ይረዳዋል። «በኢንተርኔቱ ደንብ» ወይም «በፕሮቶኮሉ እንተዳደራለን» ብለው መተዳደሪያውን በስሙ ይጥሩት።