ከራዮላይት አጠገብ የትኛውን ተራራ እንውጣ?

ጥያቄ፦ አራት ጓደኛሞች ነን፣ ከቬጋስ። ሰው ጥሎት የሄደውን የራዮላይትን ከተማ አይተን በዚያው ተራራ መውጣት አምሮናል። በእጅ እየተያዘ የሚወጣ ድንጋይ ያለበት ቢሆን ደስ ይለናል። የትኛው ይሻላል? የትስ እንደር?

መልስ፦ ራዮላይት አጠገብ ባለው በዴዝ ቫሊ (የሞት ሸለቆ) ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለውን ኮርክስክሩ ፒክ የተባለ ተራራ ውጡ። ብዙ ሰው ዴዝ ቫሊ ቢዩትስ የሚባሉትን ኮረብታዎች ይጠቁማል። አጭር መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሸንተረሩ ጠባብና ገደላማ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክረውም። ኮርክስክሩ ከፍታው 1,769 ሜትር ነው፤ ሽቅቡ ወደ 1,000 ሜትር ይሆናል፣ ሙሉ ቀን ያዙለት። መጀመሪያ በደረቅ የጎርፍ መውረጃ ትሄዳላችሁ፣ ከዚያ ዳገት ነው። ጉልበት የሚጨርሰው ጠጠሩ ነው፤ በወጣችሁ ቁጥር ወደ ኋላ ያንሸራትታችኋል። እጅ የሚያስፈልገው ጫፉ አጠገብ ባለችው ጥቂት ቦታ ነው። እዚያ ድንጋዩን ሳትነቀንቁ እንዳታምኑት፣ አንዱ ሲወጣም ሌላው ከሥሩ አይቁም። እኛ ስንወጣ ከላይ የተንከባለለ ድንጋይ የጓደኛዬን ትከሻ ለጥቂት ነው የሳተው።

ስኒከር አይሆንም፤ ሶሉ ጠንካራ የሆነ የተራራ ጫማ ግዙ። ጓንት ግን ውድ አያስፈልግም፣ ከግንባታ ዕቃ መደብሩ ከሆም ዲፖ የሚገዛው የሥራ ጓንት ይበቃል። መንገዱ ላይ ጠብታ ውኃ የለም፤ ለአንድ ሰው ቢያንስ 4 ሊትር ያዙ። ቸኮሌት ይቀልጣል፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ይሻላል፣ ለጿሚም ይሆናል። ስልክ አይሠራም። አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የወጡት በሳተላይት የድረሱልኝ መልእክት ይልካሉ፤ አዘውትሮ ለሚወጣ ግን በሳተላይት መልእክት የሚልከው መሣሪያ፣ የጋርሚን ኢንሪች፣ ያስተማምናል፣ ወርሃዊ ክፍያ ቢኖረውም።

ለማደሪያ ቢቲ የምትባለው ትንሽ ከተማ ትሻላለች። ስቶቭፓይፕ ዌልስ የሚባለው ማደሪያ ፓርኩ ውስጥ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ግን ነዳጁም ምግቡም ይወደዳል። ቢቲ ለራዮላይት 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ሞቴሎቹም ብዙ ናቸው። ታንካችሁን እዚያ ሙሉ። የፓርኩን መግቢያ፣ ለአንድ መኪና 30 ዶላር፣ በኦንላይን ቀድማችሁ ክፈሉ፤ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም።

ራዮላይትን ከተራራው ስትመለሱ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እዩት። ወርቅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ ሺዎች ሰፈሩበት፣ በ1916 መብራቱ ተቋረጠ። ባለሦስት ፎቁ የኩክ ባንክ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። በ1906 በጠርሙስ የተሠራውን ቤት ደግሞ እንዳታልፉት፣ እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ እሱ ነው። እንጨት በሌለበት በረሃ ሰው በእጁ ባገኘው ነገር ቤት ሠራ።

ጥያቄ፦ በጣም እናመሰግናለን! ፈቃዳችን ጁላይ ላይ ነው፤ በሌሊት ብንነሳስ?

መልስ፦ በፍጹም፣ ወንድሜ። በዴዝ ቫሊ ጁላይ 1913 ላይ 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል፤ ሌሊቱም ቢሆን አይበርድም። ከኖቬምበር እስከ ማርች ባለው ጊዜ ሂዱ። ለጁላይ ቻርለስተን ተራራ አለላችሁ፤ ከቬጋስ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው፣ ጥድ አለው፣ ይነፍሳል።