የኦንላይን ፖከርን ብቸኛ መተዳደሪያ ማድረግ ይቻላል ወይ?

ጠያቂ፦ ሾፌሩ (ላስ ቬጋስ)

ውድ ወገኖቼ፣ በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት ነው፤ ላስ ቬጋስ ውስጥ ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ባለቤቴ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ሁለት ልጆች አሉን። የማቀርበው ጥያቄ በብዙዎቻችን ቤት ጮክ ተብሎ የማይነገር ስለሆነ፣ ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው እንድታነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ላለፉት አሥራ አንድ ወራት፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ኔቫዳ ውስጥ ፈቃድ ባለው የኦንላይን ፖከር ድረ ገጽ ላይ ስጫወት ቆይቻለሁ። የምጫወተው ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ዓይነት ነው። ብላይንድ የሚባለው ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች የግድ የሚያስቀምጡት ገንዘብ ነው፤ ትንሹ ብላይንድ ሃምሳ ሳንቲም፣ ትልቁ ብላይንድ ደግሞ አንድ ዶላር የሆነባቸውን ሁለት ጠረጴዛዎች በአንድ ጊዜ እከፍታለሁ። ውጤቱን ሁሉ በደብተር መዝግቤአለሁ። እስከ ትናንት ድረስ ወደ 41,000 እጅ፣ ማለትም ወደ 41,000 የካርታ ዙር ተጫውቼ፣ የቤቱ ኮሚሽን ከተቀነሰ በኋላ 3,280 ዶላር አትርፌአለሁ። ይህን ዕድል ነው እንዳልል፣ ዕድል አሥራ አንድ ወር ሙሉ ይቆያል ብዬ ለማመን ይከብደኛል።

የታክሲው ሥራ ሰውነቴን እየጎዳው ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ ውዬ ስገባ ደረጃውን የምወጣው ወገቤን ይዤ ነው። በሚቀጥለው ወር የ10,000 ዶላር ዕቁብ ተራዬ ይደርሳል። ያን ገንዘብ መነሻ አድርጌ፣ ሥራዬን ለቅቄ፣ በቀን ስምንት ሰዓት አራት ጠረጴዛ ከፍቼ ብጫወት፣ ቤታችን ከእኔ የሚጠብቀውን 3,200 ዶላር በየወሩ ማግኘት እችላለሁ ወይ? ልምዱ ያላችሁ ሰዎች እውነቱን እንድትነግሩኝ እፈልጋለሁ።

መልስ 1፦ የቀድሞ ተጫዋች (ሜሪላንድ)

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ከነቁጥሩ ስላቀረቡ አመሰግናለሁ፤ አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው ያሸነፈበትን ምሽት ብቻ አስታውሶ ነው። እኔ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2011 ድረስ ከዚህ ጨዋታ በቀር ሌላ ገቢ አልነበረኝም። ስለዚህ ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ይቻላል የሚል ነው፤ ነገር ግን ያቀረቡት ማስረጃ እርስዎ እንደሚችሉ ገና አያሳይም።

አሥራ አንድ ወር ለእርስዎ ረጅም ጊዜ ነው፤ 41,000 እጅ ግን ለፖከር አጭር ነው። በደብተርዎ መሠረት በየመቶ እጁ ስምንት ትልቅ ብላይንድ አትርፈዋል፤ ይህ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው። ችግሩ፣ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ውጤት በየመቶ እጁ ወደ ላይና ወደ ታች የሚዋዥቅበት መጠን 90 ትልቅ ብላይንድ አካባቢ መሆኑ ነው። ትርፉ ስምንት፣ መዋዠቁ ዘጠና ማለት ነው። ይህን በ41,000 እጅ ላይ ስናሰላው፣ እውነተኛ ብልጫዎ፣ ማለትም በረጅም ጊዜ በየመቶ እጁ በአማካይ የሚያተርፉት ትልቅ ብላይንድ፣ ከዜሮ በአንድ ያህል ዝቅ ካለ ቁጥር ጀምሮ እስከ 17 ድረስ ሊሆን ይችላል። በሌላ አነጋገር፣ በጣም ጎበዝ የሆነ ተጫዋችም፣ በዝግታ እየከሰረ ያለ ተጫዋችም ልክ የእርስዎን የመሰለ ደብተር ሊኖራቸው ይችላል። 100,000 እጅ ሲሞላ እንኳ ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም በስድስት ያህል ሊሳሳት ይችላል። እኔ በጊዜው ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ቢነግሩኝም የምሰማ አይመስለኝም።

ቀጥሎ ሰዓቱን ቢቆጥሩ መልካም ነው። በሁለት ጠረጴዛ በሰዓት 150 እጅ ያህል ቢጫወቱ፣ 41,000 እጅ ወደ 273 ሰዓት ይሆናል። 3,280 ዶላርን ለዚህ ሲያካፍሉት በሰዓት 12 ዶላር ይመጣል፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በኔቫዳ የተደነገገው ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ ነው። አራት ጠረጴዛ ሲከፍቱ እጁ በእጥፍ ይጨምራል፤ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ውሳኔ የሚሰጡት ትኩረት ስለሚቀንስ ብልጫዎ ይወርዳል። ወደ አራት ቢወርድ፣ በሰዓት 300 እጅ ተጫውተው የሚያገኙት ያው 12 ዶላር ነው። በወር 160 ሰዓት ቢጫወቱ 1,920 ዶላር ነው፤ ቤትዎ የሚፈልገው ደግሞ 3,200። በየወሩ 1,280 ዶላር ከዕቁቡ ገንዘብ እየተቀነሰ ይሄዳል፤ ስምንት ወር ሳይሞላም ያልቃል። ይህም በአማካይ ዕድል፣ ግብርና የጤና መድን ሳይታሰብ ነው።

ወደ ከፍተኛ ጠረጴዛ ብወጣስ ይሉ ይሆናል፤ እኔም ብዬ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ጎበዞችን የጣለ ነገር አለ። ብልጫ ያለው ተጫዋች ካፒታሉን ከመዋዠቅ የሚያድነው ትርፉ እየተጠራቀመ ስለሚሄድ ነው። ያተረፈውን በሙሉ በየወሩ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ የሚያወጣ ሰው ግን፣ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ካፒታሉ ብልጫ እንደሌለው ሰው ካፒታል ነው፤ ጊዜው ይርዘም እንጂ አንድ ቀን ዜሮ ይነካል። ከዚህ ጨዋታ ለዓመታት የኖሩ የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ የዓመት ወጪያቸውን ከመጫወቻው ገንዘብ ለይተው በሌላ ባንክ ያስቀመጡ፣ ወይም የሚያስተዳድሩት ቤተሰብ ያልነበራቸው ናቸው።

ዘመኑም ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ በ86 ዶላር የኦንላይን ማጣሪያ ገብቶ፣ 839 ሰው የተሳተፈበትን የዓለም ፖከር ውድድር አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ፣ ድረ ገጾቹ ካርታ መያዝ በማያውቁ ሰዎች ተጥለቀለቁ። እኔ የኖርኩት ከእነዚያ ሰዎች ስሕተት ነው፤ ችሎታዬ የተለየ ስለነበረ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ሊብራተስ የተባለ ፕሮግራም ፒትስበርግ ውስጥ አራት ባለሙያዎችን በ120,000 እጅ አሸነፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሉሪበስ የተባለው ተከታዩ ስድስት ሰው በሚቀመጥበት ጨዋታ ላይ ያንኑ ደገመ። ዛሬ ማንኛውም ትጉ ተጫዋች ትክክለኛውን ውሳኔ የሚያሰላ ፕሮግራም ገዝቶ ቤቱ ያጠናል፤ በጨዋታ መካከል በድብቅ የሚጠቀሙበትም አሉ። እርስዎ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ የሚገጥሟቸው እነዚህን ሰዎች ነው።

የእኔ ነገር ያበቃው ኤፕሪል 15 ቀን 2011፣ ዓርብ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት በዘርፉ ትልልቅ በነበሩት ሦስት ኩባንያዎች መሥራቾች ላይ ክስ መሠረተ። ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሬን ስከፍት፣ ሁልጊዜ ጠረጴዛዎቹን በማይበት ገጽ ላይ የፍትሕ ሚኒስቴርና የኤፍቢአይ ማኅተም ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። 14,600 ዶላር እዚያ ነበረኝ፤ ኪሴ ውስጥ የነበረው የሁለት ሳምንት ወጪ ነው። ገጹን ደጋግሜ እየከፈትኩ እስኪመሽ እዚያው እንደተቀመጥኩ አስታውሳለሁ። ገንዘቡ የተመለሰልኝ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። እርስዎ ፈቃድ ባለው ቦታ ስለሚጫወቱ በዚህ በኩል ከእኔ ይሻላሉ። ነገር ግን እዚህ ሜሪላንድና ጎረቤት ቨርጂኒያ ያላችሁ አንባቢዎች፣ በሁለቱም ግዛቶች ፈቃድ ያለው የኦንላይን ፖከር ስለሌለ፣ መቀመጫቸውን ባሕር ማዶ ላደረጉ ድረ ገጾች ገንዘባችሁን አሳልፋችሁ እንዳትሰጡ አደራ እላለሁ።

መልስ 2፦ ዲለሯ (ላስ ቬጋስ)

ወንድሜ፣ እኔም እዚያው ከተማ ነኝ፤ በአንድ ካሲኖ የፖከር ክፍል ውስጥ ካርታ ማደል ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ስሌቱ ከላይ የጻፉት ወንድማችን በደንብ ስላብራሩት እኔ ያየሁትን ብቻ ልጨምር።

ከዚህ ሥራ የሚኖሩ የተባሉ አራት አምስት ሰዎች ጠረጴዛዬ ላይ አዘውትረው ይቀመጣሉ። አንዱን በአንድ ሌሊት፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ግድም፣ አስተዋልኩት። ከሁሉ የሚበልጡትን ሁለት ኤስ ይዞ ገና ከመጀመሪያው ሙሉ ገንዘቡን አስገባ፤ ሁለት ኪንግ የያዘው ቱሪስት በመጨረሻዋ ካርታ ሦስተኛ ኪንግ ወጣለትና ወሰደበት። ገንዘቡ ከመጀመሪያው ሲገባ ሁለት ኪንግ ሁለት ኤስን ማሸነፉ ከአምስት አንድ ጊዜ ያህል የሚደርስ ነገር ነው። ሰውየው ምንም አልተናገረም፤ ትንሿን ደብተሩን አውጥቶ ቁጥር ጻፈ፣ ጃኬቱን ለብሶ ሄደ፣ በማግሥቱም በተለመደ ሰዓቱ መጣ። በዚያው ሌሊት ከጎኑ የነበረው ሰው ግን ኪሳራውን ለመመለስ ሲል ሦስት ጊዜ ወደ ኤቲኤሙ ተመላልሷል። ሁለቱም ጨዋታውን ያውቃሉ፤ ሁለቱም ጥሩ ይጫወታሉ። ልዩነታቸው ያ የጠፋው ገንዘብ የማን መሆኑ ይመስለኛል፤ የመጀመሪያው ሰው ቤቱ የሚጠብቀው ልጅ የለውም።

ደግሞም እነዚያ ሰዎች የሚኖሩት ቱሪስት እየጠበቁ ነው። ቅዳሜ ማታ ለመዝናናት የመጣ ሰው ከሌለ አይቀመጡም፤ እርስ በርሳቸው ቢጫወቱ የሚያተርፈው ኮሚሽን የሚወስደው ቤቱ ብቻ እንደሆነ ያውቃሉ። ኦንላይን ላይ ግን ኔቫዳ ብቻዋን ወደ ሦስት ሚሊዮን ሰው ያላት ግዛት ናት፤ ከሌሎች ግዛቶች ጋር ተጫዋች ለመጋራት ስምምነት ቢኖርም፣ ቱሪስቱ ቬጋስ የሚመጣው ኮምፒውተር ለመክፈት አይደለም።

መልስ 3፦ የግብር ባለሙያ (ዳላስ)

የግብሩን ነገር ማንም ስላላነሳው በአጭሩ ላስረዳ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 በግሮትዚንገር ጉዳይ እንደወሰነው፣ ቁማርን በሙሉ ጊዜው፣ በቀጣይነትና ለመተዳደሪያ ብሎ የሚጫወት ሰው እንደ ማንኛውም ነጋዴ ይቆጠራል። ወጪውን መቀነስ ይችላል፤ ነገር ግን ከገቢ ግብሩ በተጨማሪ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ግብር ይከፍላል። ኔቫዳ በግዛት ደረጃ የገቢ ግብር ስለሌላት በዚያ በኩል ተጠቃሚ ነዎት።

አዲሱ ነገር እ.ኤ.አ. በ2025 የጸደቀው ሕግ ነው። ከ2026 ጀምሮ ከኪሳራ ላይ መቀነስ የሚቻለው 90 በመቶውን ብቻ ሲሆን፣ ሙያተኛ ተጫዋቾችንም ይመለከታል። ለምሳሌ በዓመቱ ያሸነፉባቸው ቀናት ድምር 60,000 ዶላር፣ የተሸነፉባቸው ደግሞ 40,000 ዶላር ቢሆን፣ እጅዎ የገባው 20,000 ነው፤ ግብር የሚታሰብበት ግን 24,000 ይሆናል። ፖከር በባሕርይው ብዙ ማሸነፍና ብዙ መሸነፍ ተጣፍቶ ትንሽ ትርፍ የሚተርፍበት ሥራ ስለሆነ፣ ይህ ሕግ ከማንም በላይ እንደ እርስዎ ያለውን ትንሽ ትርፍ ያለው ተጫዋች ይጎዳል። የያዙት ደብተር ቀኑን፣ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት፣ የድረ ገጹን ስምና ውጤቱን ካልያዘ ከዛሬ ጀምረው ያስተካክሉት።

መልስ 4፦ የሁለት ልጆች እናት (አትላንታ)

ወንድሜ፣ እንደ እህት ልናገርህና አንተ ብዬ ልጻፍልህ። ስለ ፖከር አላውቅም፤ ስለ ዕቁብ ግን አውቃለሁ። ዕቁብ ከበላህ በኋላ እስከ መጨረሻው ዙር መጣል አለብህ፤ ስለዚህ ያ 10,000 ዶላር ያንተ የሚሆነው ጥለህ ስትጨርስ ነው። ካለቀብህ በየወሩ ከምን ትጥላለህ? ዋስ የሆነልህን ሰውስ ምን ትለዋለህ? ከጻፍከው ሁሉ ውስጥ የፈለግሁትና ያጣሁት አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ባለቤቴ ይህን ታውቃለች የሚለው ነው። የእኔ ባል የተጫወተው ሌላ ዓይነት ቁማር ነው፣ ካንተ ጋር አላመሳስለውም፤ ነገር ግን ከጠፋው ገንዘብ ይልቅ እስከ ዛሬ የሚያመኝ፣ እኔ ጎኑ ተኝቼ እሱ ስልኩን በብርድ ልብስ ሸፍኖ ይጫወት የነበረው ነው።

ከጠያቂው፦ ሾፌሩ (ላስ ቬጋስ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ካነበብኩ በኋላ ደብተሬን እንደገና ተቀምጬ ቆጠርኩ። የሰዓቱ ግምት 273 ነበር፤ የእኔ መዝገብ 291 አለ፤ ስለዚህ በሰዓት ያገኘሁት 11 ዶላር ከ27 ሳንቲም ነው። ታክሲ ላይ መጥፎ በምለው ቀን እንኳ ከዚህ የተሻለ ይዤ እገባለሁ። ይህን ቁጥር አሥራ አንድ ወር ሙሉ አንድም ቀን አለማስላቴ አስደንግጦኛል።

አትላንታ ላለሽው እህቴ፦ አልነገርኳትም ነበር። ትናንት ማታ ነገርኳት፣ ደብተሩንም አሳየኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ገጾቹን ገለጠች፤ ከዚያም የመጀመሪያ ጥያቄዋ ስለ ገንዘቡ ሳይሆን፣ ወገቤን እንደሚያመኝ ለምን እንደደበቅኋት ነበር። የሐኪም ቀጠሮ ይዛልኛለች፤ የታክሲ ፈረቃዬንም ወደ አምስት ቀን ለማውረድ ተስማምተናል።

የዕቁቡን ተራ፣ ልጇ በመስከረም ኮሌጅ ለምትገባ አንዲት አባል እንዲሰጡ ለሰብሳቢው ደውዬ ነግሬአለሁ፤ እኔ መጨረሻ ላይ እወስዳለሁ። ድረ ገጹ ላይ 1,500 ዶላር ብቻ ትቼ ቀሪውን አውጥቻለሁ። በሳምንት ሁለት ምሽት፣ ባለቤቴ እያወቀች፣ በአንድ ጠረጴዛ እቀጥላለሁ። ደብተሬ 100,000 እጅ ሲሞላ ቁጥሩን፣ ቢያምርም ባያምርም፣ እዚሁ አስቀምጣለሁ።