ፖፕላርን በክሎሮፕላስት ዲኤንኤ ብቻ መለየት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ችግኝ ጣቢያችን ውስጥ ያሉትን ፖፕላሮች በቅጠል መለየት አቃተኝ። በአንድ ዛፍ ላይ እንኳ የረጅሙና የአጭሩ ቅርንጫፍ ቅጠል አይመሳሰልም! የክሎሮፕላስት (ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገውና ምግብ የሚሠራው የሕዋስ ክፍል) ዲኤንኤ ባስመረምር ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ። በፖፕላር ክሎሮፕላስት የሚወረሰው ከእናት ነው። እናቱ ዴልቶይድስ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ፖፕላር፣ አባቱ የአውሮፓው ጥቁር ፖፕላር የሆነ ዲቃላ ንጹሕ ዴልቶይድስ መስሎ ያልፍሃል። የኒውክለስ (የሕዋሱ እምብርት) ማይክሮሳተላይት፣ ማለትም ተደጋጋሚ አጫጭር የዲኤንኤ ክፍሎች፣ ምርመራ ጨምርበት፤ የሁለቱም ወላጆች አሌሎች (የአንድ የዲኤንኤ ቦታ የተለያዩ ዓይነቶች) አብረው ይወጣሉ።

ሌላ መልስ፦ የባሰም አለ። የጥቁር ፖፕላር ክሎሮፕላስት ለነጭ ፖፕላር ይቀርባል፤ የኒውክለሱ ዲኤንኤ ግን ወደ ዴልቶይድስ ያደላል። የጥንት መዳቀል አሻራ ነው ተብሎ ይታመናል።

ጠያቂ፦ የባሰ አታምጣ! ናሙናውስ?

መልስ፦ ለጋ ቅጠል ቁረጥና እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል አድርቅ። ዝርያቸው በእርግጠኝነት ከታወቀ ዛፎችም ማነጻጸሪያ ያዝ፤ ያለዚያ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ሳታውቅ የአሌሉን ቁጥር ብቻ ይዘህ ትቀራለህ።