የጋራ ፕሮፖዛል ረቂቅ፦ ወጣቶች ሲጋራ እንዲያቆሙ በማኅበራዊ ሚዲያ ማገዝ

ሰብሳቢ፦
ሰላም ወገኖች። ረቂቁን ሁላችሁም አይታችሁታል። አሁን ባለበት ዋናው ሥራ ከ18 እስከ 25 ዓመት ላሉ ወጣቶች በቲክቶክና በፌስቡክ ቪዲዮ መልቀቅ ነው። የጎደለውን ጨምሩ፣ የማይረባውን ቁረጡ። "ጥሩ ነው" ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉት።

ነርሷ፦
ቪዲዮ ዋና ሥራችን መሆን የለበትም። የተበላሸ ሳንባ ፎቶ በብዙ አገር ፓኬቱ ላይ ታትሟል፣ ያላየው አጫሽ ጥቂት ነው። ልጆቹ የሚቸገሩት አምሮቱ ሲመጣ ነው። አምሮቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል፤ በነዚያ ደቂቃዎች "አለሁልህ፣ ትንሽ ታገስ፣ ውሃ ጠጣ፣ ወጣ ብለህ ተራመድ" የሚል ሰው ስልኩ ላይ ካገኘ ብዙ ነገር ይቀየራል። እኛ ማቅረብ ያለብን ያንን ሰው ነው።

የጥናት ክፍል፦
ከነርሷ ጋር ነኝ። አሜሪካ ውስጥ ትዊት ቱ ኩዊት የሚባል ሙከራ ነበር። በትዊተር ላይ ሃያ ሃያ ሰው የያዙ ዝግ ግሩፖች ተከፈቱ፣ ለ100 ቀን። በየቀኑ መወያያ ይላክላቸዋል፣ ቀሪውን እርስ በርስ ያወራሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ውጤት ግሩፕ ከነበራቸው 40 በመቶው እስከ 60ኛው ቀን ሳያጨሱ ዘልቀዋል። ግሩፕ ካልነበራቸው እስከዚያ ቀን የዘለቁት 20 በመቶው ናቸው። ለሁለቱም ወገን የኒኮቲን ፕላስተር (ቆዳ ላይ ተለጥፎ አምሮቱን የሚያስታግስ) ተሰጥቶ ስለነበር ልዩነቱን ያመጣው ወሬው ነው ማለት ይቻላል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። ለ18–25 ዓመት ወጣቶች በፌስቡክ ላይ የተሠራ፣ 500 ሰው ያሳተፈ፣ 90 ቀን የቆየ ሙከራ አለ። በሦስተኛው ወር ጥሩ ልዩነት አሳየ። ዓመት ሲሞላ ልዩነቱ የለም። ስለዚህ ልጆቹን በመቶኛው ቀን "እንኳን ደስ አላችሁ" ብለን ግሩፑን የምንዘጋ ከሆነ ባንጀምረው ይሻላል።

ሲጋራ ያቆመ አባል፦
ይሄ እውነት ነው፣ እኔም ያገረሸብኝ ሁሉም ሰው መጠየቅ ካቆመ በኋላ ነው። ሦስት ነገር ይግባልኝ። አንደኛ፣ ያጨሰ ሰው ከግሩፑ አይወጣም፣ አይገሰጽም፤ በማግስቱ አዲስ የማቆሚያ ቀን ይይዛል። አንድ ሲጋራ አጭሶ አፍሮ የሚጠፋው ልጅ ነው በሳምንቱ ፓኬት የሚገዛው። ሁለተኛ፣ የሲጋራም የጭስም ፎቶ አይለጠፍ፣ "አታጭስ" ለማለት እንኳ ቢሆን፣ ማየቱ ራሱ አምሮት ይቀሰቅሳል። ሦስተኛ፣ ግሩፑ ዝግ ይሁን፣ በቅጽል ስም መግባትም ይፈቀድ። ቤተሰቡ እንደሚያጨስ የማያውቅ ስንት ወጣት አለ!

ሂሳብ ያዥ፦
የማስታወቂያውን ገንዘብ ወደ ግሩፕ አወያዮች ላዙረው? ልጆቹን ወደ ግሩፑ ለሚጠራ ቪዲዮ የምትሆን ትንሽ ትበቃናለች። ሪፖርቱ ላይ ግን ላይክና እይታ ካልቆጠርን ምን እንጻፍ?

ነርሷ፦
በ3ኛው፣ በ6ኛውና በ12ኛው ወር ስንቱ እንዳላጨሰ። መልስ ያልሰጠውን እንዳጨሰ እንቁጠረው፤ ቁጥራችን ያንሳል፣ ግን የሚታመን ይሆናል። ሌላው፣ አወያዮች መድኃኒት አያዝዙ። ነፍሰ ጡር የሆነችውን፣ የልብ ሕመም ወይም ከባድ ድብርት ያለበትን ወደ ባለሙያ ይላኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ከሁሉም ይከብዳል፣ የማታ ተረኛ ያኔ እጥፍ ይሁን።

የጥናት ክፍል፦
የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ሻጮች በኢንቦክስ እንዳይገቡ አድሚኑ የሚገባውን ሁሉ አጣርቶ ይቀበል፣ ይሄንንም ጨምሩ።

ሰብሳቢ፦
አስገብቻለሁ። ዋናው ሥራ ሃያ ሃያ ሰው ያለበት ዝግ ግሩፕ፣ 100 ቀን በየቀኑ ውይይት፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ በየሳምንቱ ጥየቃ ሆኗል። ቪዲዮው መጥሪያ ብቻ ነው። የቀረን የማታ ተረኞች ዝርዝር ነው፤ ከምሽቱ 2 እስከ 6 ሰዓት መግባት የምትችሉ እዚሁ ሥር ጻፉልኝ። ያቆማችሁ ልጆች ቅድሚያ አላችሁ።