ያለ ዲግሪ በጤና ሥራ መሰማራት እፈልጋለሁ፣ የትኛውን ልማር?

ሰላም ወገኖች፣ አዘዞ ነው የምኖረው። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ አላስገባኝም። ልቤ ግን ከጤና ሙያ አልወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ በተከፈተበት ጎንደር ተወልዶ ሌላ መመኘትም ይከብዳል።

ከዲግሪ በታች ባለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ በደረጃ 4 ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ላብራቶሪና የጤና መረጃ እንዳሉ፣ ከዚያም ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ማለፍ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ። ጤና ኤክስቴንሽን በአብዛኛው የሚወስደው ሴቶችን ስለሆነ እኔን ወንዱን አይመለከተኝም። የጨነቀኝ ምርጫው ነው። ነርሲንግ ጨርሰው ቤት የተቀመጡ የሰፈር ልጆች አሉ። የጤና መረጃ ብማር ካርድ ክፍል እገባ ይሆናል፣ ኮምፒውተርም እወዳለሁ፤ ግን ከበሽተኛ ርቄ ወረቀት ሳገላብጥ መዋል ነው የሚሆንብኝ። ላብራቶሪ ደስ ይለኛል፣ ደም አያስፈራኝም።

አንድ የግል ኮሌጅ «ተመዝገብ ብቻ፣ ሥራው አይቀርም» አለኝ። የዕውቅና ፈቃዳችሁ ለዚህ ዘርፍ ነው ወይ ስላቸው ወሬ ቀየሩ። አባቴ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ገንዘቡ ከባከነ ሁለተኛ ዕድል የለኝም።

በሙያው ያላችሁ እህት ወንድሞች፣ ጎንደርና አካባቢዋ ቶሎ የሚቀጠረው የትኛው ነው? እየሠሩ ወደ ዲግሪ ማሳደግስ በየትኛው ይቀላል? ኮሌጁ ፈቃድ እንዳለው ከመክፈሌ በፊት የት ሄጄ ላረጋግጥ?