ከበቆሎ አገዳ ያወጣሁት ትል ሩዝ ወለደ እንዴ?

ባለ ባጃጁ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። ሀዋሳ ነኝ፣ አላሙራ ተራራ ስር። ባጃጅ ነው የምሰራው፤ ከቤታችን ጀርባ ግን ትንሽ በቆሎ አለችን። እሸቱን በልተን ስንጨርስ ቅዳሜ ዕለት አገዳውን ለጎረቤት ላም እቆርጣለሁ፣ አንዱ ተቦርቡሮ አገኘሁት። ሰነጠቅኩት። ውስጡ እርጥብ የእንጨት ብናኝ የመሰለ ኩስ ሞልቷል። መሐሉ ላይ የጣቴን ግማሽ የሚያህል ትል ተጋድሟል። የሞተ መስሎኝ በስንጥር ብነካው ጭንቅላቱን ነቅነቅ አደረገ። ጎኑ ላይ የተቀቀለ ሩዝ የመሰለ ነጭ ነገር ተጣብቆ ተከምሯል። ቆጠርኩት፣ 34 ነው።

እማዬ "ወልዶ ነው፣ ቶሎ እሳት ውስጥ ጣለው" አለች። እኔ በሃይላንድ ከትቼ፣ አፉን በአሮጌ ነጠላዋ ቁራጭ አስሬ (አላየችም)፣ አልጋ ስር አስቀመጥኩት። ትሉ በማግስቱ ሞተ። ሐሙስ ጠዋት ሳይ ሃይላንዱ ውስጥ ከጉንዳን ያነሱ ጥቁር ዝንቦች ይርመሰመሳሉ። ትል እንዴት ዝንብ ይወልዳል? ላቃጥላቸው ወይስ ልልቀቃቸው? ጎረቤቴ ደግሞ የሚረጭ መድኃኒት ልስጥህ እያለኝ ነው።

የታቦር ልጅ፦
አልጋ ስር? ሚስት የለህም መሰለኝ ወንድሜ።

የድሮ ዲኤ፦
ትሉ አልወለደም፣ ተበልቶ ነው። ዝንብ ያልካቸው ተርቦች ናቸው። ተርብ ስልህ ጣራ ስር ጎጆ ሰርቶ የሚነድፈውን እንዳታስብ፤ እነዚህ ሰው አይነኩም። ትሉ አገዳ ቆርቁር ነው። ተርቧ ኮቴዥያ ከሚባለው ወገን ሳትሆን አትቀርም። የአፍሪካ ተወላጅ የሆነች ኮቴዥያ ሴሳሚዬ አለች፤ እሷን የምትመስል ፍላቪፔስ የምትባል ደግሞ ከፓኪስታን መጥታ በ1993 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ የተለቀቀች ናት። በዓይን ብቻ አትለያቸውም።

ትሉ አገዳ ውስጥ ተደብቆም ኩሱ ያሳብቅበታል። ተርቧ ሽታውን ተከትላ እሱ በቦረቦረው ቀዳዳ ትገባለች። ጠባብ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ትሉም ይናከሳል። ብዙዎቹ እዚያው ተነክሰው ይቀራሉ። የቀናት ግን በጥቂት ሰከንድ ወግታው ሰላሳ አርባ እንቁላል ትጥልበታለች። አብራ ቫይረስም ትሰጠዋለች። ትሉ ደም ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ ከብበው የሚያፍኑ ህዋሳት አሉ፤ ቫይረሱ እነሱን ያፈዛቸዋል። እንቁላሎቹ በሰላም ይፈለፈላሉ።

ባለ ባጃጁ፦
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ። ግን 34 ሆነው ከውስጥ እየበሉት እንዴት ነው ሳይሞት የቆየው? ጭንቅላቱን ሲያነቃንቅ እኮ በዓይኔ አይቻለሁ።

የድሮ ዲኤ፦
ወሳኝ ብልቱን ስለማይነኩት ነዋ! ደሙንና ስቡን ነው የሚመገቡት። እሱ ከሞተ እነሱም አለቀላቸው። ስለዚህ ትሉ አገዳህን መብላቱን ይቀጥላል፣ የሚቀልበው ግን እነሱን ነው። ከ10 እስከ 14 ቀን ሲሞላቸው ቆዳውን ቀደው ይወጣሉ፣ ሐር ፈትለውም እላያቸው ላይ ይጠቀልላሉ። ሩዝ ያልከው እሱ ነው። ከዚያ አምስት ስድስት ቀን ቆይተው ክንፍ አውጥተው ይወጣሉ። ያንተም ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ነው፣ ገጥሟል።

አታቃጥል፣ ዛሬውኑ ልቀቃቸው። ዕድሜያቸው የቀናት ነው። መድኃኒቱን ተወው፤ አገዳ ውስጥ የተሸጎጠውን ትል አያገኘውም፣ ውጭ የምትበረውን ተርብ ግን ያገኛታል። የቀረውን አገዳ አታቁመው። መሬት ላይ ዘርግተህ አንድ ወር ያህል ፀሐይ ይምታው፣ ውስጡ የተኛው ትል አይችለውም።

እመት በቆሎ፦
እኔ ደግሞ በመጤ ተምች የተቃጠልኩ ነኝ። በ2017 እ.ኤ.አ. አገራችን የገባ ጊዜ ከልጆቼ ጋር በእጃችን እየለቀምን ነበር የምንጨፈልቀው። በኋላ ነው ተምቹም የራሱ ተርብ እንዳለው የሰማሁት፣ ኮቴዥያ ኢሲፔ ትባላለች። እሷ ብቸኛ ናት፤ ከአንድ ተምች የምትወጣው አንዷ ብቻ። ቅጠሉ ላይ ነጠላ ነጭ ፍሬ ባየሁ ቁጥር የተምች እንቁላል እየመሰለኝ ስንቱን ጨፈለቅኩት መሰላችሁ!

ባለ ባጃጁ፦
ለቀቅኳቸው። የጎረቤቴ በቆሎ ገና አረንጓዴ ስለሆነ በአጥሩ በኩል አፉን ፈታሁት። ወዲያው አልወጡም፣ ሃይላንዱን በጣቴ መታ መታ ማድረግ ነበረብኝ። ሁለቱ እጄ ላይ አርፈው ቀንዳቸውን ሲያርገበግቡ ቆዩ፣ ከዚያ የሉም። ጎረቤቴን ዛሬ አትርጭ ብዬ ለምኜዋለሁ፣ እያየኝ ሳቀ። እማዬ ነጠላዋን አግኝታዋለች።