የራስ ማጥፋት አደጋ በነጥብ ይለካ? (ክርክር፣ ጎንደር)

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። ራሱን ያጠፋል ተብሎ የተሰጋ ሰው ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ቅጽ ተሞልቶ በድምሩ ይተኛ ወይም ይሸኝ?

ሲስተር (አዘዞ)፦ እኔ ይሁን ባይ ነኝ። ሌሊት ተረኛ ስሆን የአእምሮ ሐኪም አጠገቤ የለም። ቅጹ ካለ ምን ብዬ እንደምጠይቅ አውቃለሁ። የአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መለኪያ ሞትን ከመመኘት ጀምሮ ወደ ሐሳብ፣ ከዚያ ወደ ዕቅድ ይሄዳል። ብዙዎቻችን «ሐሳቡን እናስገባበታለን» ብለን መጠየቅ እንፈራለን። መጠየቅ እንደማያባብስ ግን በጥናት ታይቷል።

መምህር (ማራኪ)፦ ሲስተር፣ መጠየቁ ላይ ካንቺ ጋር ነኝ። እኔን የሚያሳስበኝ ድምሩ ነው። ፖኮርኒ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1983 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ጥናት እዩት። የአእምሮ ታካሚ የሆኑ 4,800 የቀድሞ ወታደሮችን ለዓመታት ተከታተለ። 67ቱ ራሳቸውን አጠፉ። ማን ራሱን እንደሚያጠፋ ለመተንበይ የተሠራው ስሌት ከእነሱ 35ቱን ለይቷል። ግን ሌሎች 1,206 ሰዎችንም አብሮ «አደጋ ላይ ናቸው» አለ። አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ከየ100ው ሰው ትክክል የወጣው 3 እንኳ አይሞላም። ቀሪዎቹ 32 ሟቾችስ? «ደህና» ከተባሉት ውስጥ ነበሩ። እኔን የሚያመኝ ይሄ ነው። ዝቅተኛ ነጥብ ያለውን ሰው በምን ልብ ነው የምንሸኘው?

ሐኪም (አራዳ)፦ መምህር፣ ያ የአሜሪካ ወታደሮች ጥናት ነው። እኛ እዚሁ እንፈትሸው።

መምህር (ማራኪ)፦ በምን እንፈትሸው፣ ዶክተር? ብዙውን ጊዜ የሚደረገው አንዱን ቅጽ ከሌላ ቅጽ ጋር ማወዳደር ነው። ሁለቱ ተስማሙ ማለት የነገውን ያውቃሉ ማለት አይደለም። ሁለት ነርሶች አንድ ዓይነት ነጥብ ቢሰጡም እንደዚያው። የነገውን ለመፈተሽ ብዙ ሺህ ሰው ለዓመታት መከታተል ያስፈልጋል። ነጥቡ ከፍ ያለውን ደግሞ ዝም ብለን አናይም፣ እናክመዋለን። ከዳነ መለኪያው ተሳስቷል ልንል ነው? የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የብሪታንያው ተቋም ናይስም በ2022 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ መለኪያዎች ለትንበያም ሆነ ማን ይታከም ለማለት እንዳይውሉ ብሏል።

ቤተሰብ (ፒያሳ)፦ እኔ ባለሙያ አይደለሁም። ወንድሜን ቅጽ ሲሞሉለት እናታችን አጠገቡ ነበረች። ሁሉንም «የለም» አለ። ፍትሐት እንኳ የሚያስከለክል ኃጢአት ነው እየተባለ ያደገ ልጅ በእናቱ ፊት «አዎ» ይላል? ነጥቡ ዝቅ አለና ወደ ቤት ተላከ። እግዜር ይመስገን ዛሬ አለ። ግን እባካችሁ፣ ለብቻው ጠይቁት።

ሲስተር (አዘዞ)፦ ይቅናህ ወንድሜ፣ ይህን መናገርህ ትልቅ ነገር ነው። መጋረጃ እንኳ የሌለበት ክፍል ውስጥ የተሞላ ቅጽ ምን ሊያሳይ? ግን መምህር፣ ድምሩን ከተውኩ ካርዱ ላይ ምን ልጻፍ?

ሐኪም (አራዳ)፦ እዚህ ላይ እኔም ከመምህር ጋር ነኝ። ራሱ ያለውን በራሱ ቃል ጻፊ። ምን እንዳስጨነቀው፣ ማን አብሮት እንደሚያድር፣ አደገኛ ነገር ከቤት መነሣቱን፣ የሚመለስበትን ቀን ጻፊ። ከተጠራጠርሽ ነጥብ አትጠብቂ፣ ብቻውን አትተይው፣ ደውዪልን።

ሲስተር (አዘዞ)፦ ጥያቄዎቹን አልተውም። ድምር የሚጻፍበት ሳጥን ግን ይውጣ። በዚህ ከተስማማን ለሚቀጥለው ስብሰባ ረቂቁን እኔ አዘጋጃለሁ።